ክዳኑን ያልከፈተውና የከፈተው፦ አንድ ቤት፣ ሁለት የሴፕቲክ መርማሪዎች

ለመጀመሪያው ሰውዬ አንድ ኮከብ ሰጥቻለሁ፤ እሱንም ከአንድ በታች መስጠት ስለማይቻል ነው። ለሁለተኛው አራት። አምስተኛዋን ለምን እንደከለከልኩት ቆይቼ እነግራችኋለሁ። የማንንም ስም አልጠራም፤ ሁለቱም እዚሁ አካባቢ ሠርተው የሚበሉ ሰዎች ናቸው። ቤቱ ያለው ቨርጂኒያ ነው፣ ከዋሽንግተን በአይ-95 ወደ ደቡብ፣ ትራፊክ ከሌለ አንድ ሰዓት። «ትራፊክ ከሌለ» ያልኩት ለወጉ ነው።

አሌክሳንድሪያ አሥራ አንድ ዓመት አፓርታማ ተከራይተን ከኖርን በኋላ በ2022 ቤት ስንፈልግ ይሄኛውን አገኘን። ማስታወቂያው አምስት መኝታ ቤት ይላል፤ ሦስቱ ላይ፣ ሁለቱ ቤዝመንት። ግቢው ሰፊ፣ ከኋላው ጫካ። በዚያ ዋጋ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ጋራዥ የሌለው ታውንሃውስም አይገኝ። ኤጀንታችን የኛው ልጅ ነው። «ውሃው ከጉድጓድ ነው፣ ፍሳሹ ሴፕቲክ ነው፣ የውሃ ቢል የሚባል ነገር ተገላገላችሁ» አለን። ደስ አለን። ቢሉን እንጂ ቢሉ ምን ሲሠራልን እንደኖረ አላሰብንም።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ሴፕቲክ ማለት የከተማ ፍሳሽ መስመር በማይደርስበት ቦታ ግቢ ውስጥ የተቀበረ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሲሚንቶ፣ ታንክ ነው። ዝቃጩ ከታች ይቀመጣል፣ ስቡ ከላይ ይንሳፈፋል፣ መሃል ላይ ያለው ውሃ በሌላኛው ጫፍ ወጥቶ ወደ ማከፋፈያ ሳጥን ይገባል፤ ከዚያ በተቦረቦሩ ቱቦዎች ጠጠር ባለባቸው ቦዮች ውስጥ እየሄደ ወደ አፈሩ ይሰርጋል። ይህን የሚሰርግበትን መሬት ድሬንፊልድ ይሉታል። ታንክ በገንዘብ ይተካል። ድሬንፊልድ ግን አንዴ በዝቃጭ ከተደፈነ ሌላ መሬት ይፈልጋል፣ መሬቱ ደግሞ ላይኖር ይችላል።

እናም የመጀመሪያው ሰውዬ መጣ። ኤጀንታችን ነው ያመጣው፣ 175 ዶላር። ሽንት ቤቱ ውስጥ አረንጓዴ ቀለም ጨመረ፣ ቧንቧዎቹን ከፈተ፣ መኪናው ውስጥ ገብቶ ስልክ ሲያወራ ግማሽ ሰዓት ቆየ፣ ከዚያ ግቢውን አንድ ዙር ዞረና ሣሩ ላይ አረንጓዴ ነገር ስላላየ «ደህና ነው» ብሎ ፈረመ። የታንኩን ክዳን አልከፈተም። የት እንደተቀበረም የሚያውቅ አይመስለኝም። አንድ ገጽ ተኩል ሪፖርት ላከልን፤ ግማሹ እሱ ተጠያቂ እንደማይሆን የሚያትት ነው።

ያን ጊዜ ያላወቅኩትን አሁን ልንገራችሁ። ቤቱ አራት ወር ባዶ ሆኖ ነበር። ባዶ ቤት ሲከርም ድሬንፊልዱ ይደርቃል፤ የደረቀ መሬት ደግሞ የግማሽ ሰዓት ውሃ ያለምንም ቅሬታ ይጠጣል። የቀለም ሙከራው የነገረን ያንን ብቻ ነው። ቨርጂኒያ ደግሞ ገዢ ራሱ ይጠንቀቅ የሚባልበት ስቴት ነው፦ ሻጩ የሚፈርመው ቅጽ ስለ ሴፕቲኩ ምንም አላረጋግጥም፣ ገዢው በራሱ ያጣራ ነው የሚለው። ፈርመን ገባን።

አንድ ዓመት ምንም አልሆነም። አምስት ሰው ነበርን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆች፣ እና ማታ ማታ ብቻ የምናየው የባለቤቴ ወንድም። በ2023 ለፋሲካ እማዬ ከአዲስ አበባ መጣች፣ እህቴም ከነቤተሰቧ ከአትላንታ መጣች፣ ሌሎችም ተጨመሩ። ቅዳሜ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ስንተኛ አሥራ አራት ነበርን። እሁድ ጠዋት ሁሉም ተራ በተራ ገላውን ታጠበ። ዶሮው እሳት ላይ እያለ የእህቴ ትንሹ ልጅ ከታች ሮጦ መጣና «ሽንት ቤቱ እያወራ ነው» አለን።

ወርደን አየን። የቤዝመንቱ ሽንት ቤት እንደ ጀበና ይንተከተካል። የሻወሩ ማፍሰሻ ጥቁር ውሃ እየመለሰ ነው፤ ጠረኑን በበዓል ቀን አልገልጸውም። እማዬ ከደረጃው ላይ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ አንድ ጊዜ ወደ ታች አየች። «ጉድጓድ ነው እንዴ ያላችሁ?» አለች። አዎ አልኳት። «ውይ! እኔ አሜሪካ ልጠይቃችሁ የመጣሁ መስሎኝ!»

አንድ ነገር ግን ረድቶናል፦ ፈረንጆቹ ፋሲካቸውን ከሳምንት በፊት ስለጨረሱ ያ ቀን ለነሱ ተራ እሁድ ነበር፤ ስልክ የሚያነሳ ሰው ተገኘ።

መጀመሪያ የመጣው ግን ኮከብም የማይገባው ሦስተኛ ሰው ነው። ማምሻውን መጣ፣ ሣሩን በጫማው ረገጥ ረገጥ አደረገ፣ «ድሬንፊልዱ ሞቷል» አለ። አዲስ ለማሠራት 31 ሺህ ዶላር፣ ዛሬ ከፈረምን 29። እሱም ክዳን አልከፈተም። ባለቤቴ ፊቱ ጠቆረ። እማዬ ግን አማርኛ እንደሚሰማ ሁሉ ፊት ለፊቱ ቆማ «ሳያይ ነው እንዴ የሚገድለው?» አለች። ሸኘነው።

ሰኞ የመጣው አራት ኮከብ ያገኘው ነው። ገና በስልክ ሳለ የጠየቀኝን ጥያቄ አልረሳውም። ምን ሆነ አላለኝም። «ፐርሚቱ ስንት መኝታ ቤት ይላል?» አለኝ። ቤቱ አምስት መኝታ ነው አልኩት። «ቤቱን አልጠየቅኩም፣ ፐርሚቱን ነው» አለ። ፐርሚት፣ ማለትም የሴፕቲኩ የግንባታ ፈቃድ፣ የሚባል ነገር እንዳለ የሰማሁት ያኔ ነው። ለካውንቲው ጤና ቢሮ ደውዪ፣ አድራሻሽንና የግብር ካርታ ቁጥርሽን ስጪ፣ ፋይሉን ላኩልኝ በይ፣ አለኝ። ሰኞ ጠዋት ደወልኩ፤ አንዲት ሴትዮ ከምሳ በፊት በኢሜይል ላከችልኝ። ለሷ አምስት ኮከብ፣ ሲደመርም አንድ ብርጭቆ ጠላ።

አሥራ አንድ ገጽ ነው። በ1988 የተሠራ፣ በእጅ የተሳለ ንድፍ፦ ቤቱ፣ ታንኩ፣ ሳጥኑ፣ አራት ቦዮች፣ የውሃ ጉድጓዱ፣ በመካከላቸው በጫማ የተጻፈ ርቀት። በቨርጂኒያ ደንብ የመጠጥ ጉድጓድና ድሬንፊልድ እንደ ጉድጓዱ ዓይነት 50 ወይም 100 ጫማ መራራቅ አለባቸው። የኛ በቂ ርቀት አለው፣ ተመስገን። ከታች ግን እንዲህ ይላል፦ መኝታ ቤት 3፣ በቀን 450 ጋሎን።

ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። እዚህ አገር ሴፕቲክ የሚለካው በሰው ቁጥር ወይም በሽንት ቤት ብዛት አይደለም፣ በመኝታ ቤት ነው። ቨርጂኒያ ለአንድ መኝታ ቤት በቀን 150 ጋሎን ብላ ታስባለች፤ ሁለት ሰው፣ ለእያንዳንዱ 75። ሦስት መኝታ ማለት ስድስት ሰው ማለት ነው። እኛ በዚያ ፋሲካ አሥራ አራት ነበርን። ቤዝመንቱን አሳምረው ሁለት መኝታ የጨመሩት የቀድሞ ባለቤቶች ጤና ቢሮውን አልጠየቁም፤ መሬቱ ግን ስለ አዲሱ ምንጣፍ የሚያውቀው ነገር የለም። ማስታወቂያው «አምስት» ሲል ግድግዳውን እየቆጠረ ነበር።

ሰውዬው ሊገባ ከነበረበት ሰዓት ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ደረሰ። አንደኛ ቅሬታዬ ይሄ ነው። አንድ የሰማኒያ ዓመት ሰው የሚመስል መጣጭ መኪና ይዞ መጣ፤ እማዬ ስታየው ፊቷ በራ፦ «ይሄንንማ አውቀዋለሁ!» አዲስ አበባ የኛ ሰፈር መጣጭ መኪና ሲገባ ጎረቤት ሁሉ መስኮት ይዘጋል፤ እዚህ ጎረቤቱ በዛፍ ተጋርዶ አይታይም፣ ብቻዋን ወንበር አውጥታ ተቀመጠች።

በንድፉ መሠረት ርቀቱን በሜትር ለክቶ፣ ቀጭን ብረት እየወጋ ፈለገ፤ በሦስተኛው ውጊያ «ጥ» አለ። ቆፈረ። ሁለቱንም ክዳን ከፈተ፣ የመግቢያውንም የመውጫውንም። ከዚያ ረጅም ብርሃን አሳላፊ ቱቦ እስከ ታች ሰድዶ አወጣና ጠራኝ። ቱቦው ውስጥ የቤታችን ታሪክ በንብርብር ተቀምጧል። ከላይ ነጭ የረጋ ስብ፣ ከአንድ ስንዝር በላይ ውፍረት ያለው። መሃሉ ላይ ግራጫ ውሃ፣ ጥቂት። ከታች ወፍራም ዝቃጭ፤ ከዝቃጩም ሥር ጥቁር አሸዋ የመሰለ። «ይሄ ምንድነው? ሠላሳ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ አላየሁም» አለ።

በዚህ መሃል እማዬ ቡና አፍልታ ይዛለት መጣች። እጁን ታጥቦ ተቀበለ፣ ጠጣ፣ ወደደው። የስኒውን ታች አየ። ወደ ቱቦው አየ። ወደኔ አየ።

አዎ። አተላው ነው። በቀን ሦስቴ፣ አቦል ቶና በረካ፣ ጀበናው የሚታጠበው ሲንክ ውስጥ ነው። ከሱ ጋር የሊጥ ቡሃቃ እጣቢ፣ ሳምንት በሳምንት፤ ቅቤ ሲነጠር የቀረው፤ ሁዳዴን ሙሉ የጠበስንበት ዘይት። ቆሻሻ መፍጫዋን ማሽን እንዳትጠቀሚባት አለኝ። የቀረውን አሁን እንዲህ እናደርጋለን፦ አተላው ጽጌረዳው ሥር ይደፋል፣ ቡሃቃው መጀመሪያ በደረቁ ተፍቆ ነው የሚታጠበው፣ ዘይት በፕላስቲክ ጠርሙስ ወደ ቆሻሻ። እማዬ በኔ በኩል አንድ ጥያቄ አስጠየቀችው፦ የእንጀራውን እርሾ ብንጨምርበትስ፣ አያብላላውም ወይ? ሳቀ። የዳቦ እርሾ የሚጨምሩ አሜሪካኖች ሞልተዋል፣ አያስፈልገውም፣ ከሰው የሚወጣው ባክቴሪያ ይበቃዋል አለ። መደብር ውስጥ በጠርሙስ የሚሸጠውን ዱቄትም አትግዙ ብሎናል፤ እሱ ራሱ ሊሸጥልን እየቻለ።

መጦ ባዶ ካደረገው በኋላ በእጅ ባትሪ ውስጡን አሳየኝ። መውጫው ላይ ስቡ ወደ ድሬንፊልድ እንዳያልፍ የሚያግድ የሲሚንቶ መከለያ ነበረ፤ ከላይ ግማሹ የለም፣ የቀረው በጣት ሲነኩት እንደ ቆሎ ይፈረፈራል። ከፍሳሹ የሚወጣው ጋዝ ነው ሲሚንቶውን የሚበላው። ማከፋፈያ ሳጥኑንም ቆፍሮ አወጣው፤ ሳጥኑ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል። አራት ቦዮች እያሉን ውሃው ሁሉ ወደ አንዱ ሲሄድ ኖሯል። ሦስቱ ቦዮች ደርቀው ተቀምጠዋል። ያ 31 ሺህ ያለን ሰውዬ «የሞተ» ያለው ድሬንፊልድ ሦስት አራተኛው አልተነካም ነበር።

ስለ ፐርሚት የጠየቅኩትም እዚህ ላይ ነው፦ ይህን ለመጠገን ፈቃድ አያስፈልግም ወይ? ጥሩ አድርጎ አስረዳኝ፣ ኋላም ሕጉን ራሴ ፈልጌ አነበብኩት። በቨርጂኒያ ሕግ መምጠጥ፣ ፓምፕ ወይም ማጣሪያ መቀየር፣ የፍሳሽ መስመርም ሆነ ማከፋፈያ ሳጥን በዚያው ዓይነት መተካት «ጥገና» ነው፤ የግንባታ ፈቃድ አይጠይቅም። ታንኩን ወይም የድሬንፊልዱን ቱቦ መቀየር ግን ከጥገና ውጭ ነው፤ ፈቃድና ባለ ላይሰንስ ገንቢ ይፈልጋል። ስለዚህ ያ ሰውዬ የቸኮለበት 31 ሺህ፣ ያለ ፈቃድ በዚያ ሳምንት ሊጀመር የማይችል ሥራ ነበር። «ዛሬ ከፈረምሽ» የሚላችሁን ሰው ፈቃዱን ማን እንደሚያወጣ ጠይቁት። ላይሰንሱንም የስቴቱ የሙያ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ስሙን ጽፋችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ ሁለት ደቂቃ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነበር፦ መምጠጡ 425፤ አዲስ የፕላስቲክ መውጫና ማጣሪያ፣ አዲስ ሳጥን፣ ሥራው ጭምር 1,150፤ ክዳኖቹ ድረስ ከመሬት በላይ የሚወጣ የፕላስቲክ አንገት፣ ሁለተኛ ቁፋሮ እንዳይኖር፣ 600። አንገቱን አስደርጉ፤ አረንጓዴ ክዳኑ ግቢ ውስጥ ያምራል አልልም፣ እማዬ «መቃብር ይመስላል» ብላዋለች። ሁለተኛ ቅሬታዬ፦ ለቁፋሮ በየክዳኑ 60 ዶላር ቢሉ ላይ ጨምሯል፤ በስልክ አልነገረኝም። ሦስተኛ፦ መኪናው ሣሩን አርሶት ሄደ፣ ክረምቱ እስኪያልፍ ጎማው የሄደበት ይታይ ነበር። አምስተኛዋ ኮከብ የቀረችው ለዚህ ነው። ቢሆንም ድሬንፊልዱ ላይ አልነዳም፣ ዞሮ ነው የወጣው፤ ያንን ያየሁት ኋላ ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ትርፍ መኝታ ቤቶች። ባለቤቴ በሕግ እናስገባቸው አለ፣ ቢያንስ አንዱን። የቨርጂኒያ ጤና ቢሮ ዛሬ አፈሩን ራሱ መጥቶ አይመረምርልህም፤ የገንዘብ አቅም ችግር እንዳለብህ ካላሳየህ በቀር የግል የአፈር መርማሪ ነው የምትቀጥረው። እሱ ንድፉን ያስገባል፣ ጤና ቢሮ የግንባታ ፈቃድ ይሰጣል፣ ፈቃዱ 18 ወር ይቆያል፤ ተሠርቶ ከታየ በኋላ ደግሞ የመጠቀሚያ ፈቃድ ይመጣል።

መርማሪዋ ሴት ናት፤ ወጣት፣ ቦት ጫማ ያደረገች። በእጅ መሰርሰሪያ አምስት ቦታ በሳች፤ ከየጥልቀቱ የወጣውን አፈር ሣሩ ላይ በተራ ደረደረችና የቀለም ናሙና የያዘ መጽሐፍ አውጥታ፣ አንዱን ጓል ከገጹ ጋር እያስተያየች ጻፈች። አፈራችን ከላይ ቀይ ነው፤ አባቴ ነፍሱን ይማርና «ቤት ከሠራህ ቀይ አፈር ላይ፣ መረሬ ላይ እንዳትሞክራት» ይል ነበርና ቀዩን ሳይ ደስ አለኝ። ወደ ታች ስትወርድ ግን ቀዩ ውስጥ አመድማ ነጠብጣብ መጣ። ግራጫው ማለት መሬቱ በሚርስባቸው ወራት ውሃ እዚያ ድረስ ወጥቶ ይተኛል ማለት ነው አለች። ምንም ዝናብ በሌለበት ሰኔ፣ አፈሩ የየካቲትን ውሃ ያስታውሳል። ያ ነገር ለቀናት ከአእምሮዬ አልወጣም።

ውጤቱ፦ አራተኛ መኝታ ይቻላል፣ ግን በተለመደው ዓይነት አይሆንም። ፍሳሹን አስቀድሞ የሚያጣራ፣ ኤሌክትሪክ የሚበላ፣ ሲበላሽ የሚጮህ ዓይነት ነው የሚሆነው። ለሱ ደግሞ ላይሰንስ ያለው ኦፕሬተር ቢያንስ በዓመት አንዴ አይቶ ለጤና ቢሮ ሪፖርት ማድረጉ ግዴታ ነው፤ ቤቱ እስካለ ድረስ። ሒሳቡን አየንና ተውነው። የቤዝመንቱን ክፍሎች አንዱን ቢሮ፣ አንዱን የመጻሕፍት ክፍል ብለናቸዋል። እማዬ ስትመጣ የት እንደምትተኛ አትጠይቁኝ። ቤቱን የምንሸጥ ቀን ግን ሦስት መኝታ ብለን ነው የምንጽፈው፤ ይህን ባለቤቴ እስካሁን አልተቀበለውም።

የመምጠጡን ነገር ሳልናገር። ፌርፋክስ፣ ፕሪንስ ዊሊያም፣ ስታፎርድና በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ጥበቃ ሕግ ሥር ያሉ ሌሎች ካውንቲዎች ሴፕቲክ በአምስት ዓመት አንዴ እንዲመጠጥ ያዛሉ፤ ከዚህ ሁሉ ግቢ የሚወጣው ናይትሮጅን መጨረሻው ባሕረ ሰላጤው ነውና። ሜሪላንድ ያላችሁ ደግሞ ለዚሁ ባሕረ ሰላጤ ብላችሁ በዓመት 60 ዶላር ትከፍላላችሁ። በኛ ፋይል ውስጥ የመጨረሻው የመምጠጫ ደረሰኝ 2011 ይላል። ይህንንም ያ ቀለም የጨመረው ሰውዬ አንድ ስልክ ቢደውል ያገኘው ነበር። አምስት ዓመት ደግሞ ለፈረንጅ ነው፤ ሁለተኛው ሰውዬ ስኒውን መልሶ እየሰጠኝ «ለናንተ ሦስት» ብሎናል።

ሦስት ዓመቱ ሲሞላ ቀጠሮ የያዝኩት ከእሱው ጋር ነው፣ ከሕማማት በፊት ባለው ሳምንት። ቁፋሮ ስለሌለ 60ውን እንደማልከፍል አስቀድሜ በጽሑፍ አስፈርሜዋለሁ። እማዬ በስልክ ስነግራት «ቡና አፍዪለት፣ አተላውን ግን እንዳያይብሽ» አለችኝ።